የስላሎም ስኪ ልትገዙ ነው?
በስላሎም ስኪ፣ ማለትም ሁለቱም እግር በሚቆምበት አንድ ረጅም ሰሌዳ፣ በጀልባ እየተጎተታችሁ ውሃ ላይ መንሸራተት ለምትወዱ ይህን ልንገራችሁ። ስኪ ስትመርጡ ዋናው ነገር ቁመታችሁ አይደለም፤ ክብደታችሁና የጀልባው ፍጥነት ነው። ከ70 እስከ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የስኪው ርዝመት ብዙ ጊዜ 67 ኢንች አካባቢ ይሆናል። ጀልባው ዝግ ብሎ የሚጎትታችሁ ከሆነ ሰፋ ያለውን ውሰዱ፤ ከውሃ ቶሎ ያወጣችኋል። ለውድድር የተሠራውን ጠባብ ስኪ ለመዝናኛ ባትገዙት ይሻላል።

ስኪው ላይ የተገጠመው የእግር ጫማ ላይ ግን አደራ፣ አትቸኩሉ። ተረከዝ እንዳይነሳ ጥብቅ ይበል፤ እግር እስኪደነዝዝ ግን አይደለም። ከላላ፣ ስትወድቁ አንዱ እግር ወጥቶ ሌላው እዚያው ይቀርና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። ጫማውን የያዙትን ብሎኖች ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ሁሌም ፈትሹ፣ እየላሉ ይሄዳሉ። ከስር ያለውን ፊን (እንደ ዓሣ ክንፍ ያለውን ትንሽ ዝርግ ነገር) ዝም ብላችሁ አትነካኩት። ትንሽ እንኳ ቢንቀሳቀስ የስኪው አዟዟር ይለወጣል።

ስትጨርሱ፣ በተለይ ባሕር ላይ ከነበራችሁ፣ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይና የመኪና ውስጥ ሙቀት የጫማውን ጎማ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ገመዱም ክሩ መተርተር ከጀመረ ሳትሳሱ ቀይሩት። በውጥረት ላይ እያለ ከተበጠሰ ጀልባው ውስጥ ያለውን ሰው ሊመታ ይችላል።