የውሻ ፊኛ ጠጠርን በምግብ መቆጣጠር
መጀመሪያ ጠጠሩ ምን አይነት እንደሆነ በሽንት ምርመራና በራጅ ይታይ፣ ዝም ብሎ ምግብ መቀየር ዋጋ የለውም። ስትሩቫይት የሚባለው የጠጠር አይነት ከሆነ ቬቱ (የእንስሳት ሐኪሙ) በሚያዘው ልዩ ምግብ ሊሟሟ ይችላል፣ ግን ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን አብሮ ስለሚኖር አንቲባዮቲክም ያስፈልገዋል እና በዛ ሰሞን ከገበታ ላይ ቁራሽ መወርወር የለም (ልጆቹን ንገሯቸው፣ እነሱ ናቸው የሚያበላሹት)። ራጅ ላይ ጠጠሩ ጠፋ ብላችሁም ወዲያው አታቁሙ፣ 1 ወር ገደማ ይቀጥል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ሌላው የጠጠር አይነት ግን በምግብ አይሟሟም፣ መውጣት አለበት፣ ምግቡ የሚረዳው ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። ለሁሉም ዋናው ውሃ ነው፣ ደረቁን ምግብ ለብ ባለ ውሃ እስኪርስ ዘፍዝፉት፣ የሽንቱ ቀለም ፈዘዝ ካለ እየሰራ ነው። እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለው ግን የምግቡን ነገር ተዉትና በዛው ሰአት ወደ ቬት ሩጡ።