ከደረቅ ቅርፊት ዝልግልግ ሻጋታ ማውጣትና ሳይሳሳቱ መመዝገብ

በጎንደር አድባራት ቅጥር ውስጥ በቆሙት የሐበሻ ጥድና የወይራ ዛፎች ቅርፊት ላይ፣ ዝናብ እስኪመጣ ደርቀው የሚጠብቁ ፍጡራን አሉ። ሳይንሱ ሚክሶማይሴት ይላቸዋል። እኛ ዝልግልግ ሻጋታ እንበላቸው እንጂ ሻጋታስ አይደሉም። እንደ አሜባ እየተሳቡ ባክቴሪያ ይበላሉ፤ ምግብ ሲያልቅባቸው ደግሞ ቆመው እንደ እንጉዳይ ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚበተን ደቃቅ ዱቄት፣ ያፈራሉ። በዚህ ጠባያቸው ሊቃውንቱን ለረጅም ዘመን አጓትተዋል። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1859 እ.ኤ.አ. ወደ እንስሳት አስጠግቶ ማይሴቶዞአ ብሎ ሰየማቸው፤ የፈንገስ አጥኚዎች ግን የኛ ናቸው ማለታቸውን አልተዉም። ዛሬ የዘረመል ጥናት አሜቦዞአ ከሚባለው የአሜባዎች ወገን አስገብቷቸዋል። ስማቸው የሚወጣው ግን እስካሁን በአልጌ፣ በፈንገስና በእጽዋት የስያሜ ደንብ ነው።

እነሱን ለማየት ጫካ ለጫካ መዞር አያስፈልግም። ቅርፊቱን ቤት ወስዶ ማርጠብ ይበቃል።

እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያለ፣ ዛፎቹ ተጠብቀው የቆዩበት ቅጥር ምቹ ነው። አስቀድማችሁ ግን ገበዙን ወይም የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፤ የደብር ዛፍ ያለ ፈቃድ አይነካም። ከፋሲል ግቢና ከመዋኛው ቅጥር ምንም አትውሰዱ፤ ቅርስ ነው። ከቆመ ዛፍ ላይ፣ በደረት ከፍታ፣ በራሱ የሚላጠውን ደረቅ የላይ ቅርፊት ብቻ በእጅ አንሱ። ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ በቂ ነው። እርጥብ ወይም አረንጓዴ ነገር ከታየ ጠልቃችሁ ዛፉን አቁስላችኋልና አቁሙ። ከአንድ ዛፍ ሁለት መዳፍ የሚሸፍን ያህል ይበቃል። የያዛችሁትን በወረቀት ፖስታ አድርጉ። ፌስታል እርጥበት አፍኖ እውነተኛውን ሻጋታ ያበቅልባችኋል። በክረምት የተለቀመ ቅርፊት ጥላ ላይ 3 እና 4 ቀን መድረቅ አለበት። በደንብ ከደረቀ ግን ዓመትም ቢቆይ አይጎዳም።

ለማርጠቢያ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፔትሪ ዲሽ፣ ማለትም ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሳህን፣ ይመረጣል። ከታጣ ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ይሠራል። በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ከሥሩ የማጣሪያ ወረቀት ወይም ሽታና ቀለም የሌለው ነጭ ሶፍት አንጥፉ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ተዉት። ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ፣ ካልተገኘም ፈልቶ የቀዘቀዘ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ። ዲስቲልድ ውሃ ከመኪና ዕቃ መሸጫ ከገዛችሁ ጽሑፉን ደግማችሁ አንብቡ፤ አጠገቡ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ሰው ያቃጥላል።

ቅርፊቱን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ የውጭ ገጹን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ሳታደራርቡ ጎን ለጎን ደርድሩ። እስኪሸፈን ውሃ አፍስሱበትና 24 ሰዓት ተዉት። በማግስቱ የአሲድነት መጠኑን በፒኤች ወረቀት ለክታችሁ ጻፉ፤ በየትኛው ዛፍ የትኛው ዝርያ እንደሚወጣ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ከዚያ የተረፈውን ውሃ ሙሉ በሙሉ ድፉት። ወረቀቱ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጠርበት። ክደኑትና ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ብርሃናማ ቦታ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት አስቀምጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ የጎንደር ሌሊት ብርድ ስለሆነ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታኑሩት፤ መደርደሪያ ይሻላል።

በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን፣ ከዚያም በየሳምንቱ እስከ 3 ወር ፈትሹ። ቀድመው ከሚመጡት አንዱ ኤኪኖስቴሊየም ሚኑተም ነው፤ ቁመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ ለእሱ አይበቃም፣ ከ20 እስከ 40 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። እንደ አርሲሪያና ፊሳረም ያሉት የሚበዙት ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ከማፍራታቸው በፊት ያለው ገላቸው ነው። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ቢጫ ወይም ነጭ የደም ሥር መሰል መረብ ይታያችኋል። አንዷን ሥር ብቻ በ40 ጊዜ አጉልታችሁ ተመልከቱ፦ በውስጧ ያሉት ቅንጣቶች ወደ አንድ ወገን ይጎርፋሉ፣ ይዘገያሉ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ከዚያ ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ከአንዱ መመለስ እስከሚቀጥለው 1 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ ገላ ፕላስሞዲየም ይባላል። ደምቢያን በመሰለ ወባ የሚያጠቃው አገር ይህ ስም ስለሚያስደነግጥ እንንገራችሁ፤ ከወባው ተውሳክ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ውሃ ማብዛት ነው። ውሃ ከተቋጠረ አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ ሁሉን ይሸፍናል። ጥርጣሬ ሲገባችሁ በመርፌ ንኩት፦ ሻጋታ ከሆነ እንደ ጥጥ ክር ይሳባል፣ ፕላስሞዲየም ከሆነ እንደ እንቁላል አስኳል ይቀባል። በጣም ትንንሽ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ጠብታ መስሎ የሚወጣና ሲነካ የሚዝለገለግ፣ ዱቄት የሌለው ነገር ደግሞ ሚክሶባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ጭራሽ ሌላ ወገን ነው። ሳህኑ እየደረቀ ሲሄድ በጠርዙ በኩል ጥቂት ጠብታ ጨምሩ፤ በቅርፊቱ ላይ አታፍስሱ።

የበሰለውን ፍሬ ቶሎ አንሱ፤ ካልሆነ ማይት የሚባሉት ጥቃቅን ተባዮች ስፖሩን ይጨርሱታል። ከነቅርፊቱ በወረንጦ ይዛችሁ አድርቁ፣ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፉ፣ ካርቶኑን ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ክተቱ። የክብሪት ቀፎ በዚህ ሙያ የቆየ ማስቀመጫ ነው፤ ልኩም ዋጋውም ተስማሚ ነው። ፍሪዘር ካላችሁ ከነቀፎው በፌስታል ጠቅልላችሁ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለአንድ ሳምንት ብታቆዩት ማይቱ ይሞታል። ዝርያውን ለመለየት ጥቂት ስፖር በስላይድ ላይ በአልኮል አርሱ፣ ውሃ ጨምሩና በ1000 ጊዜ አጉልታችሁ መጠኑንና የገጹን እሾህ ተመልከቱ፤ አብዛኛው ከ7 እስከ 15 ማይክሮ ሜትር ይሆናል።

ቀፎው ላይ የዛፉን ስም፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ፒኤቹን፣ የተለቀመበትን፣ የረጠበበትንና የተነሣበትን ቀን ጻፉ። ከዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሱ። ይህ ሲቀር የሰባትና የስምንት ዓመት ስህተት ይፈጠራል፤ ኋላ ማንም ሊያርመው አይችልም።

ከሁሉ አጥብቀን የምናሳስበው የስሙን ነገር ነው። «አላወቅሁትም» እና «ቦታው አልታወቀም» አንድ አይደሉም፤ እዚህ ቦታ የምንለው ፍጡሩ በዝምድና ሐረግ ውስጥ ያለውን መቀመጫ ነው። አርሲሪያ መሆኑን ለይታችሁ ዝርያው ከጠፋባችሁ «አርሲሪያ፣ ዝርያው ያልተለየ» በሉ። ጉድለቱ የእናንተ ምርመራ ነው፣ የፍጡሩ ቦታ ግን የታወቀ ነው። ኢንሰርቴ ሴዲስ፣ ማለትም መቀመጫው ያልተረጋገጠ፣ የሚባለው ግን ፍጡሩ በደንብ ተገልጾ፣ ስም ወጥቶለት፣ ዘመዱ ሲጠፋ ነው። ለምሳሌ ሄሚማስቲጎፎራ የሚባሉት ባለ ብዙ ጅራፍ (ጅራፍ ማለት ህዋስ የሚዋኝበት ጭራ መሰል ክር ነው) የአፈር ነዋሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. የራሳቸው ክፍል ቢሰጣቸውም ከማን እንደሚዛመዱ አልታወቀም ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ከካናዳ አፈር የተገኙት ዘረመላቸው ሲነበብ ከታወቁት ታላላቅ ወገኖች ከአንዱም አልገቡም። ያ ቃል የሚጻፈው እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲኖር ነው።

ስለዚህ ከሳህኑ ከሚደፋው ውሃ አንድ ጠብታ በ400 ጊዜ አጉልታችሁ ስታዩ የማታውቁት ባለ ጅራፍ ህዋስ ቢዋኝ፣ ስም አትስጡት። የጅራፉን ብዛት፣ ርዝመቱን፣ አዋዋኙን ጻፉ፣ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ የህዋሱን መጠን የሚያሳይ መለኪያም አብራችሁ አስቀምጡ። መለያው ላይ «ያልተለየ» በሉና የቅርፊቱን ትርፍ በፖስታው አቆዩት፤ ዘረመል የሚያነብ ሰው ሲገኝ ዳግም የሚረጥበው እሱ ነው።