ጅረቷ ስንት ኩንታል አፈር ወሰደች? በሃይላንድና በብርቱካን የሚሠራ ልኬት

ከማሳ መሀል የምትወርድ ትንሽ ጅረት በበጋ ምስኪን ናት። በግ ይዘላታል። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲከፈት ግን ቡና መስላ፣ ድንጋይ እያንከባለለች ትመጣለች። ባለማሳው "አፈሩን ጠርጎ ወሰደው" ይላል። ስንቱን?

ለመመለስ ሦስት ነገር እንለካለን። ምን ያህል ዘነበ፣ ምን ያህል ውሃ ወረደ፣ ውሃው ምን ይዟል። ሦስቱም አንድ ደብተር ላይ፣ ቀንና ሰዓታቸው ተጽፎ መቀመጥ አለባቸው። ተለያይተው ሲለኩ ብዙም አይናገሩም።

ዝናቡን መለካት

ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። አናቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ዝቅ ብላችሁ ቁረጡት። ክዳኑን ጥላችሁ የተቆረጠውን አናት ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ክተቱበት። ውሃው እንዳይተን ይረዳል። ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ እንጨት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት።

ቦታው ገላጣ ይሁን። ዛፍ ካለ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ራቁ። እኔ የመጀመሪያውን ባሕር ዛፍ ሥር ነበር የተከልኩት፣ ከፍየል እንዲጠበቅልኝ ብዬ። ክረምቱን ሙሉ ዛፉ ዝናቡን እየነጠቀኝ ስጽፍ ከረምኩ።

ጠርሙሱ ላይ ማስመሪያ ለጥፋችሁ አንብቡ የሚሉ አሉ። የሃይላንድ ወገብ ግን እኩል አይደለም፣ ያሳስታል። በሲሪንጅ መለካት ይሻላል። የዝናብ መቀበያው አፍ ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 7.85 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ስለዚህ 157 ሚሊ ሊትር ካገኛችሁ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። ይህ በአንድ ሄክታር ላይ 200 ሺህ ሊትር ነው፣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ብንቆጥር 1,000 በርሜል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቡና ድፉት። ባልዘነበበት ቀን 0 ጻፉ። ባዶ ከተዋችሁት በኋላ "አልዘነበም" ይሁን "ረሳሁት" አይለይም። ስትጽፉ ደግሞ በእርሳስ፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል።

ውሃው ስንት ነው?

ጅረቷ ቀጥ ብላ የምትሄድበት 10 ሜትር ቦታ ምረጡ። መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ችካል ትከሉ። ከዚያ ብርቱካን ወርውሩ። ባዶ ጠርሙስ ነፋስ ይገፋዋል፣ ብርቱካን ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ከውሃው ጋር ይሄዳል። ከችካል እስከ ችካል የፈጀውን ጊዜ በስልካችሁ ያዙ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ብርቱካኑ 10 ሜትሩን በ17 ሰከንድ ሄደ እንበል። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.59 ሜትር ነው። ላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85 እናባዛዋለን፣ 0.5 ይሆናል። ጅረቷ 1 ሜትር ሰፍታ በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀች፣ 1 ሲባዛ በ0.2 ሲባዛ በ0.5፤ በሰከንድ 100 ሊትር ማለት ነው።

ስፋቱንና ጥልቀቱን ውሃው ጸጥ ባለበት ቀን ለክታችሁ፣ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ዳር ላይ ትከሉ። ጎርፍ ሲመጣ ከፍታውን ከዳር ሆናችሁ ታነባላችሁ። ደራሽ ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ጉልበት የማይደርስ ቢመስልም።

ሌሊት የወረደውስ? ከታች በኩል የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ አቁማችሁ ቀጭን እንጨት ክተቱበት፣ ከሥሩ ደቃቅ ሰጋቱራ ጨምሩ። ውሃው ሲወጣ ሰጋቱራው አብሮ ይንሳፈፋል፣ ሲወርድ እንጨቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጠዋት እንጨቱን ስታወጡ ጎርፉ እስከየት ደርሶ እንደነበር ታያላችሁ።

ደለሉ

የጠራ ውሃ ቀድቶ "ደህና ነው" የሚል ሰው ብዙ ነው። አፈሩ የሚሄደው በጥቂት የድፍርስ ሰዓታት ነው። ጎጃም ውስጥ አንጀኒ የምትባል 113 ሄክታር ገደማ የሆነች ተፋሰስ አለች። እ.ኤ.አ. በ1984 ልኬት ሲጀመርባት አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ሰው ጅረቱ ዳር ቆሞ፣ ውሃው ሲደፈርስ በየ10 ደቂቃው በጠርሙስ ይቀዳል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

1 ሊትር ቅዱ፣ ሰዓቱን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡትና የጠለለውን ቀስ ብላችሁ ድፉ። የቀረውን አስቀድማችሁ በመዘናችሁት ማጥለያ ወረቀት አጥልሉ፣ በደንብ አድርቁ፣ በትንሽ ዲጂታል ሚዛን መዝኑ። የወረቀቱን ክብደት ቀንሱ።

10 ግራም አገኛችሁ እንበል። በሰከንድ 100 ሊትር ሲወርድ ከነበረ፣ በየሰከንዱ 1 ኪሎ አፈር አልፏል። በግማሽ ሰዓት 18 ኩንታል። ባለማሳው ከስንት ጥማድ ምን ያህል ኩንታል እህል እንደሚያገኝ ያውቃልና ይህን ቁጥር ንገሩት፣ ፊቱን እዩ።

ማዳበሪያውስ?

ዩሪያ ከተበተነ በኋላ የሚወርድ ዝናብ ናይትሬት ይዞ ሊሄድ ይችላል። በውሃ መመርመሪያ ስትሪፕ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ በሚለወጥ ቁራጭ፣ ይታያል። ዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። የስትሪፑን ማሸጊያ ግን በደንብ አንብቡ። አንዳንዱ የሚያሳየው ናይትሬቱን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ 10 ያለው በሌላኛው 44 ገደማ ነው። ፎስፈረስ አብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ደለሉን ስትለኩ የእሱንም መንገድ እየተከተላችሁ ነው። ጀርምና ፀረ ተባይ በስትሪፕ አይታዩም፣ ላቦራቶሪ ይጠይቃሉ።

ደብተሩ ሲሞላ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። ያው 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሰኔ ላይና ነሐሴ ላይ አንድ አይደለም። ሰኔ ላይ ደረቁ መሬት ብዙውን ይጠጣል፤ የሚወርደው ውሃ ትንሽ ቢሆንም ማሳው ገና ታርሶ ራቁቱን ስለሆነ ወፍራም ጭቃ ነው። ነሐሴ ላይ መሬቱ ጠግቦ ውሃው ይበዛል፣ ማሳው ግን ሰብል ስለለበሰ ይቀጥናል። መለኪያውን ከግንቦት መጨረሻ ጀምራችሁ ትከሉ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከሆነ ወፍራሙ ጭቃ አልፏችኋል።