የተለያዩ ጥንድ ዲስኮችን በኤምዲአድም መልሶ ማመሳሰል

በሊኑክስ ሬይድ 1 የተጣመሩ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ ይይዛሉ። አንደኛው በገመድ መላላት ወይም በመብራት መቆራረጥ ምክንያት ከጥምረቱ ሲወጣ፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ በቀረው ዲስክ ላይ ብቻ ስለሚሰፍር ቅጂዎቹ ይለያያሉ። መልሶ የሚያመሳስላቸው ኤምዲአድም የተባለው መሣሪያ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው አማራጮቹ በተርሚናል ላይ ሲጻፉ በሁለት ተከታታይ ሰረዝ ይጀምራሉ።

ከሁሉ በፊት የቅርቡን መረጃ የያዘው የትኛው ዲስክ እንደሆነ ያረጋግጡ። በፕሮክ ማውጫ ውስጥ ያለው ኤምዲስታት ፋይል፣ ጥምረቱ ጤናማ ከሆነ፣ በካሬ ቅንፍ ውስጥ ሁለት የ«ዩ» ፊደላትን ያሳያል፤ በአንደኛው ቦታ የግርጌ ሰረዝ ካለ አንድ ዲስክ ጎድሏል። ቀጥሎ በኤግዛምን አማራጭ የሁለቱንም ዲስኮች ሱፐርብሎክ (ስለ ጥምረቱ የሚገልጸው መረጃ በዲስኩ ላይ የሚቀመጥበትን ክፍል) አንብበው «ኢቨንትስ» በሚለው መስመር ያለውን ቁጥር ያነጻጽሩ፤ ቁጥሩ የሚበልጠው የቅርቡ ነው፤ የሚገለበጠውም ከእርሱ ወደ ሌላኛው መሆን አለበት።

የወጣው ዲስክ አሁንም በዝርዝሩ ላይ እንደ ብልሹ ተመዝግቦ ከቆየ በሪሙቭ ያውጡትና በሪ-አድ ይመልሱት። ጥምረቱ ቢትማፕ ካለው፣ ማለትም የተቀየሩት የዲስኩ ክልሎች ተመዝግበው ከተያዙ፣ የሚገለበጡት እነዚያ ብቻ ስለሆኑ ሥራው በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል። ቢትማፕ ከሌለ ሪ-አድ ብዙውን ጊዜ አይሳካም፤ ያኔ አድ የተባለውን አማራጭ መጠቀምና ዲስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪገለበጥ መጠበቅ ግድ ነው። ቢትማፕን በግሮው አማራጭ በኋላም መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ዲስኩ ከወጣ በኋላ ቢጨምሩት ላለፈው ለውጥ አይረዳም።

ሁለቱም ዲስኮች በቦታቸው እያሉ ልዩነት መኖሩን ከጠረጠሩ አክሽን የተባለውን አማራጭ «ቼክ» ከሚለው እሴት ጋር ይስጡት፤ ይህ ልዩነቱን ቆጥሮ ይመዘግባል እንጂ ምንም አይቀይርም። «ሪፔር» የሚለው እሴት ግን ልዩነቱን ያጠፋል፤ ትክክለኛው ቅጂ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ የተበላሸውን በደህናው ላይ ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ምትኬ ሳይያዝ ሪፔር ሊታዘዝ አይገባም። ስዋፕ (ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ከራም የሚያወጣውን መረጃ የሚያስቀምጥበት የዲስክ ቦታ) ባለበት ጥምረት ላይ ጥቂት ልዩነት መቆጠሩ ግን ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም።

ፍጥነቱን የሚወስኑት የከርነሉ ሁለት ገደቦች ሲሆኑ፣ በተለምዶ ዝቅተኛው በሰከንድ 1000፣ ከፍተኛው 200000 ኪሎባይት ነው። ሰርቨሩ ሥራ ሲበዛበት ማመሳሰሉ ወደ ዝቅተኛው ገደብ ሊወርድ ይችላል፤ በዚያ ፍጥነት 4 ቴራባይት ዲስክ ከ45 ቀን በላይ ይፈጃል፤ በከፍተኛው ግን ዲስኩ ከቻለ ከ6 ሰዓት በታች ይበቃዋል። ስለዚህ ተጠቃሚ በማይበዛበት ሌሊት ዝቅተኛውን ገደብ ከፍ ያድርጉት። በስክሪፕት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ዌይት የተባለው አማራጭ ማመሳሰሉ እስኪያበቃ ቀጣዩን ትእዛዝ ያቆየዋል።