ሐቀኛውን ነጋዴ ቪዛ የሚያስከለክሉ ስህተቶች

ወደ አውሮፓ ለሥራ የሚሄዱ ላኪዎችንና አስመጪዎችን የቪዛ ሰነድ አዲስ አበባ ውስጥ ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። እውነተኛ ሥራ ያለው፣ ግብሩን በወቅቱ የሚከፍል፣ ውጭ አገር ገዢ የሚጠብቀው ነጋዴ በገዛ ሰነዱ ምክንያት ሲከለከል ማየት ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች የሼንገን አጭር ቆይታ ቪዛን፣ ማለትም በ29 አገሮች ውስጥ በየትኛውም የ180 ቀን ጊዜ ከ90 ቀን ላልበለጠ ቆይታ የሚሰጠውን ቪዛ የሚመለከቱ ናቸው። ደላላ የሚመክረው ሰነድን ማሳመር ነው፤ ቪዛ የሚያሰጠው ግን ሥራን እንዳለ ማሳየት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የጊዜ ስሌት ነው። ብዙ ሰው ውሳኔ በ15 ቀን ይደርሳል የሚለውን የቆየ መረጃ ይዞ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በሚመለከት ባሳለፈው ውሳኔ መደበኛውን ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። የተሰጠው ምክንያት በአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ኢትዮጵያውያን በመመለስ ረገድ የመንግሥት ትብብር በቂ አይደለም የሚል ነበር፤ ነጋዴው በዚህ ጉዳይ እጁ ባይኖርበትም ቀኑን የሚቆጥረው እርሱ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል፣ በኮሎኝ ከተማ በየሁለት ዓመቱ በመስከረም መጨረሻ ገደማ በሚካሄደው አኑጋ የምግብና መጠጥ ኤግዚቢሽን ላይ ሊገኝ ያሰበ ሰው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቀጠሮ መያዝ አለበት። ይኸው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥም አግዷል። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ወደ ኢስታንቡል ደርሼ፣ ከዚያ ወደ ፓሪስ እመለሳለሁ የሚል ዕቅድ ከጅምሩ የማይሆን ነው፤ ከሼንገን ክልል አንድ ጊዜ የወጣ ሰው በዚያው ቪዛ ተመልሶ አይገባም።

ሁለተኛው፣ ቀጠሮ የተገኘበትን ወይም «ይሰጣል» ተብሎ የሚወራለትን ኤምባሲ መምረጥ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ማመልከቻው የሚገባው የጉዞው ዋና ዓላማ ላለበት ወይም ረጅሙ ቆይታ ለሚደረግበት አገር ነው፤ በዚህ የማይለይ ሲሆን መጀመሪያ ለሚገባበት አገር ይሆናል። ስብሰባው ጀርመን ሆኖ ሳለ በሌላ አገር በኩል ማመልከት ገና ከመነሻው ጥርጣሬ ይጋብዛል።

አሁን ሳልቆጣ ልጽፍበት ወደማልችለው ልምጣ፤ እርሱም ለቪዛ ተብሎ በባንክ ሂሳብ ውስጥ የሚጨመር የብድር ገንዘብ ነው። ዓመቱን ሙሉ በልኩ ሲንቀሳቀስ የቆየ ሂሳብ፣ ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከሦስት ግለሰቦች ሚሊዮኖች ይገቡበታል፤ አመልካቹም በስቴትመንቱ መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያየ ልቡ ይሞላል። ሰነዱን የሚመረምረው ሰው የሚያነበው ግን የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይደለም። ገንዘቡ መቼ ገባ፣ ከማን ገባ፣ ከንግዱ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ምንጩ ያልተገለጸ ገቢ ሲያገኝ የሚጠራጠረው ያን ገቢ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር የቀረበውን ሰነድ ሁሉ ነው። ይህን ምክር የሚሰጡ ደላሎች ክፍያቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ ክልከላው የሚመዘገበው በነጋዴው ስም ነው።

የአንድ ሰሊጥ ላኪ ጉዳይ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ያመለከተው ኅዳር ላይ ነበር። ሰሊጥ ተሰብስቦ ለገበያ የሚቀርብበት ወቅት በመሆኑ ገንዘቡን በሙሉ በእህል ላይ አውሎት ነበርና ሂሳቡ ባዶ ለመሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ይህ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ በዚያ ወቅት ሂሳቡ ሙሉ የሆነ ሰሊጥ ላኪ ቢኖር ይልቅ እርሱ ያጠራጥራል። የግዢ ሰነዱን፣ የመጋዘን ደረሰኙን፣ ያለፈውን ዓመት የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና ከገዢው የገባለትን የውጭ ምንዛሪ የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ አያይዞ፣ ገንዘቡ አሁን የት እንዳለ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ቢያብራራ ኖሮ ከማንም የተሻለ ሰነድ ይኖረው ነበር። እርሱ ግን ከዘመድ ተበድሮ ሂሳቡን ሞላና ተከለከለ። ወደ እኔ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እውነተኛዎቹ ሰነዶች በሙሉ ቢሮው መሳቢያ ውስጥ እንደነበሩ ሲነግረኝ ከልቤ አዘንኩለት።

በመጋበዣ ደብዳቤም ላይ ተመሳሳይ ጥፋት ይደጋገማል። «ለሥራ ውይይት ጋብዘነዋል» የሚል ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ምንም አያስረዳም። ደብዳቤው የጋባዡን ድርጅት የምዝገባ ቁጥርና አድራሻ፣ የሚያነጋግረውን ኃላፊ ስምና ስልክ፣ የውይይቱን ጉዳይ፣ ትክክለኛ ቀኖቹን፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ሁለቱ ወገኖች እስከ አሁን ምን እንደተገበያዩ መግለጽ አለበት፤ ከእርሱም ጋር የተጻጻፉት ኢሜይልና የሽያጭ ውል ቢያያዝ ይበረታል። የኤግዚቢሽን መግቢያ ትኬት መግዛት በራሱ ግብዣ አይሆንም። ስዊድን ወይም ጀርመን የሚኖር ወንድም በከፈተው ሱቅ ስም የንግድ ግብዣ እንዲጽፍ ማድረግም ከንቱ ድካም ነው። ጉዞው ወንድምን ለመጠየቅ ከሆነ ለዚያ የሚሆን የቤተሰብ ጥየቃ ማመልከቻ አለ፤ ከሥራው በኋላ ሁለት ቀን ወንድም ዘንድ ማደርም በደብዳቤ በግልጽ ቢጻፍ ነውር የለበትም።

ከትርጉም ጋር የተያያዘው ስህተት የእኛው አገር ብቻ ነው፤ ስለዚህም የውጭ መመሪያዎች አያነሡትም። በ2017 ዓ.ም. የታደሰ ንግድ ፈቃድ ሲተረጎም ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር ወይም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ሳይገለጽ ከቀረ፣ ለአንባቢው ፈቃዱ ከዓመታት በፊት ያበቃ ይመስለዋል። ሌሎች ተርጓሚዎች ደግሞ በሁሉም ላይ 8 ዓመት ይደምራሉ። ልዩነቱ ግን ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ስለሆነ፣ በጥቅምት 2012 የተመዘገበ ድርጅት በአውሮፓውያኑ በ2019 መሆኑ ቀርቶ በ2020 የተቋቋመ ሆኖ ይቀርባል፤ ከምዝገባው በፊት የተፈረመ ውልም ያለው ይመስላል። ስምም እንዲሁ ነው። ኃይለማርያም የሚለው ስም በፓስፖርቱ አንድ ቃል፣ በንግድ ፈቃዱ ሁለት ቃል፣ በባንክ ደብዳቤው ደግሞ በሌላ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ይገኛል። ጋባዡ የውጭ ድርጅት የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ የአያት ስም ይቀራል፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት የፓስፖርቱ ገጽ ቅጂ ይላክለት።

የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በመላው የሼንገን ክልልና በቆይታው ቀኖች ሁሉ የሚሠራ መሆን አለበት። ፓስፖርቱም ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን።

የተከለከለ ሰው ክልከላውን ደብቆ በሌላ አገር በኩል ሊሞክር አይገባም፤ የሼንገን አገሮች የቪዛ መረጃቸውን በጋራ ቋት ስለሚይዙ አንዱ የከለከለውን ሌላው ያያል። የክልከላው ቅጽ ምክንያቱን ምልክት አድርጎ ያሳያል፤ ይግባኝ የሚባልበትን መንገድም ይገልጻል። ምልክቱ የተደረገበትን ነጥብ ሳያስተካክሉ ያንኑ ሰነድ መልሶ ማስገባት የቪዛ ማመልከቻ ክፍያውን 90 ዩሮ ደግሞ ከመክፈል በቀር ፋይዳ የለውም።

ቪዛው ከተገኘ በኋላም የሚሠራ ስህተት አለ። ተለጣፊው ፓስፖርት ላይ መኖሩ ብቻውን መግባትን አያረጋግጥም፤ የድንበር ፖሊስ የት እንደሚያርፉ፣ ማን እንደጋበዘዎትና በምን ገንዘብ እንደሚቆዩ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ በዋለው የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ሥርዓትም የመግቢያውም የመውጫውም ቀን በኮምፒውተር ይመዘገባል፤ ሁለቱም ከተፈቀደው ቆይታ ይቆጠራሉና የመመለሻ በረራዎን በዚህ ልክ ይያዙ። የመጋበዣ ደብዳቤውን፣ የሆቴል ማረጋገጫውንና ኢንሹራንሱን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ያለ ወረቀት በፖሊሱ መስኮት ፊት ለቆመ ሰው አይደርስለትም።