ባለብዙ ቻናል የድምፅ ዲስኮች በቤት ማጫወቻ አልሠራ ሲሉ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሙዚቃን በግራና በቀኝ ስፒከር ብቻ ሳይሆን አድማጩን ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ በሚከቡ ስፒከሮች ለማሰማት የተዘጋጁ ዲስኮች ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኙበት ዘመን አልፏል። ይሁንና ያገለገለ ማጫወቻ የገዛ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመዱ የተላከለት ወይም ከዓመታት በፊት የሰበሰባቸውን ዲስኮች ዛሬም የሚያዳምጥ ሰው አለ። ቅሬታውም ተመሳሳይ ነው፤ ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ደቂቃው ይቆጥራል፣ ድምፅ ግን የለም፤ አለዚያም ድምፁ ከፊት ሁለት ስፒከሮች ብቻ ይወጣል፤ ሲብስም በሙዚቃ ፈንታ የሚያደነቁር ጩኸት ይሰማል። ብዙውን ጊዜ ዲስኩም ማጫወቻውም ደህና ናቸው። የተሳሳተው ድምፁ ከዲስኩ ተነሥቶ እስከ ስፒከሩ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ይህ መንገድ ደግሞ እንደ ዲስኩ ዓይነት ይለያያል።

የዲስኩን ዓይነት ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ

ዲስኮቹ ሁሉ ስፋታቸው 12 ሴንቲ ሜትር ስለሆነና ሁሉም አንድ መሳቢያ ውስጥ ስለሚገቡ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ያቀረቡት ኤስኤሲዲ (ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ) ድምፁን የሚይዘው እንደ ተራ ሲዲ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎ ሄርዝ ሳይሆን በአንድ ቢት፣ በሴኮንድ 2.8 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ናሙና በመውሰድ ነው፤ ዲስኩም ለስቴሪዮ አንድ ክፍል፣ እስከ ስድስት ለሚደርሱ ቻናሎች ደግሞ ሌላ ክፍል ሊኖረው ይችላል። በ2000 የተከተለው ዲቪዲ ኦዲዮ ኤምኤልፒ በሚባል፣ ጥራትን በማይቀንስ የመጭመቂያ ዘዴ 5.1 ቻናልን (አምስት ዋና ስፒከሮችና ሰብዉፈር የሚባል የቤዝ ስፒከር) በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ሄርዝ መያዝ ይችላል። ዲቲኤስ ሲዲ ግን መልኩ የተራ ሲዲ ሆኖ በውስጡ የተሸከመው ዲቲኤስ በተባለው ዘዴ የተጨመቀ 5.1 ድምፅ ነው። የሙዚቃ ዲቪዲና ብሉ ሬይም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

ልዩነቱን አለማወቅ ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ይመራል። ብዙዎቹ ኤስኤሲዲዎች ድርብ ናቸው፤ ማለትም ከኤስኤሲዲው ንብርብር ሌላ ማንኛውም ሲዲ ማጫወቻ የሚያነበው ተራ የሲዲ ንብርብር አላቸው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ኤስኤሲዲ በማያነብ ማጫወቻ ውስጥ ያስገባ ሰው ጥርት ያለ ስቴሪዮ ስለሚሰማ «ዲስኩ ይሠራል፣ የኋላ ስፒከሮቼ ግን ሞተዋል» ብሎ ስፒከር መፍታት ይጀምራል። ድርብ ያልሆነው ኤስኤሲዲ ደግሞ እዚያው ማጫወቻ ላይ «ዲስክ የለም» ያሰኛል። ተራ የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭም የኤስኤሲዲን ንብርብር ስለማያነብ ኮምፒውተሩ አልከፍት ማለቱ ለዲስኩ መበላሸት ማስረጃ አይሆንም። ዲቪዲ ኦዲዮ ላይ ችግሩ ትንሽ የተደበቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ለተራ ዲቪዲ ማጫወቻ የሚሆን በዶልቢ ወይም በዲቲኤስ ዘዴ የተጨመቀ ክፍልም ስላለው ድምፁ በአምስቱም ስፒከሮች ይወጣል፤ ነገር ግን የሚሰሙት ዲስኩ የተገዛለትን ዋናውን ቅጂ ሳይሆን የተጨመቀውን ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የዲስኩን ሽፋንና የማጫወቻውን የፊት ገጽ ዓርማ ያስተያዩ። ከዲቲኤስ ሲዲ በቀር ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ዓርማ ከሌለ የቀረው ምርመራ ትርጉም የለውም።

ኦፕቲካል ኬብል ሁሉን ነገር ያሳልፋል ብሎ ማመን

እንደ እኔ ግምት ከሁሉም ስህተቶች ብዙ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ኬብሉ «ዲጂታል» ስለተባለ ከድሮው ቀይና ነጭ ጃክ ይበልጣል የሚል እምነት ሥር ሰድዷል። ኦፕቲካልም ሆነ ኮአክሲያል ዲጂታል ኬብል የሚያሳልፈው ሁለት ቻናል ያልተጨመቀ ድምፅ፣ አለዚያም የተጨመቀ ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ ብቻ ነው። የኤስኤሲዲ የአንድ ቢት ድምፅም ሆነ የዲቪዲ ኦዲዮ ባለስድስት ቻናል ድምፅ በዚህ መስመር አያልፍም፤ አንድም ቴክኒኩ አልተበጀለትም፣ አንድም የሙዚቃ ኩባንያዎች ቅጂን ፈርተው ከልክለውታል። ውጤቱም እንደ ማጫወቻው ይለያያል፤ ኤስኤሲዲ ሲገባ ኦፕቲካሉ ጨርሶ ዝም ሊል ይችላል፣ ዲቪዲ ኦዲዮ ሲገባ ደግሞ ስድስቱ ቻናሎች ወደ ሁለት ተጨፍልቀው፣ ብዙ ጊዜም ጥራታቸው ወደ 48 ኪሎ ሄርዝ ወርዶ ይወጣሉ። በዚያው ኬብል ፊልም በ5.1 ሲጫወት የቆየ ሰው ይህን ሲያይ ዲስኩን ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከማጫወቻው ጀርባ ያሉትን ስድስት የአናሎግ መውጫዎች በስድስት ኬብል አምፕሊፋየሩ ላይ «መልቲ ቻናል» ከተባለው መግቢያ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለተኛው ኤችዲኤምአይ የተባለው ኬብል ነው፤ እዚህ ግን የመሣሪያዎቹ ዕድሜ ይወስናል። ዲቪዲ ኦዲዮን ማሳለፍ የተጨመረው በ2004 በወጣው 1.1 ስሪት ሲሆን፣ የኤስኤሲዲን የአንድ ቢት ድምፅ እንዳለ ማሳለፍ የተፈቀደው በ2005 በወጣው 1.2 ነው። ማጫወቻው አዲስ፣ አምፕሊፋየሩ አሮጌ ከሆነ ከማጫወቻው ሜኑ ገብተው የኤስኤሲዲው ድምፅ ወደ ፒሲኤም (ተራው ያልተጨመቀ ዲጂታል ድምፅ) ተለውጦ እንዲወጣ ማዘዝ ይበቃል። በመርሕ የማይስማሙ አድማጮች ቢኖሩም ድምፅ ጨርሶ ከሚጠፋ ይሻላል።

ማጫወቻውን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየር መውሰድም የዚሁ ስህተት ሌላ መልክ ነው። ኤአርሲ የተባለው፣ ድምፅን ከቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ ኬብል ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመልሰው መስመር ያልተጨመቀ ባለብዙ ቻናል ድምፅ አያሳልፍም፤ ይህን ያሻሻለው ኢኤአርሲ የመጣው በ2017 ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ዲቲኤስን ጨርሶ አይቀበሉም። ስለዚህ ቢያንስ ለምርመራ ጊዜ ማጫወቻውን በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ያገናኙ፤ ቴሌቪዥኑ ከመሃል ሲወጣ ድምፁ ከተስተካከለ ጥፋተኛው ታውቋል።

ዲቲኤስ ሲዲን እንደ ተራ ሲዲ በአናሎግ ማጫወት

ይህ ስህተት ዕቃ ሊያበላሽ ስለሚችል ልብ ይበሉት። ዲቲኤስ ሲዲ የተጨመቀውን 5.1 መረጃ የሚያስቀምጠው ተራው የሲዲ ድምፅ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ማጫወቻው ይህን አያውቅም፤ ተራ ሙዚቃ ነው ብሎ መረጃውን ወደ ድምፅ ሲለውጠው ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ዓይነት «ሽሽሽ» የሚል ብርቱ ጩኸት ይወጣል። ድምፁ ከፍ ብሎ ከነበረ የስፒከሩ የቀጭን ድምፅ ክፍል ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ያለ ዲስክ መጀመሪያ ሲሞክሩ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዝቅ አድርገው ይጀምሩ።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ከላይ የወቀስነው ኦፕቲካል ወይም ኮአክሲያል ኬብል ራሱ ነው፤ መረጃውን ወደ ድምፅ የሚፈታው አምፕሊፋየሩ መሆን አለበትና። ነገር ግን መረጃው ሳይነካ መድረስ አለበት። የማጫወቻው ዲጂታል የድምፅ መጠን ከፍተኛው ላይ ካልሆነ፣ ወይም የቤዝ ማስተካከያና ናሙናን ወደ 48 ኪሎ ሄርዝ የመለወጥ ተግባር በርቶ ከሆነ መረጃው ስለሚዛባ አምፕሊፋየሩ ዲቲኤስ መሆኑን ሳያውቀው ያንኑ ጩኸት ያሰማል። ዲስኩን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ወደ ኤምፒ3 የለወጡ ሰዎች ጩኸት ብቻ የተረፋቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። በትክክል ሲደርስ አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ «ዲቲኤስ» የሚል ጽሑፍ ይበራል፤ ይህ ጽሑፍ ካልበራ ድምፁን ከፍ አያድርጉ።

የማጫወቻውን ሜኑ ሳይከፍቱ ወደ ጥገና መሄድ

ማጫወቻዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚሞሉት ምርጫ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስፒከር ያለውን ቴሌቪዥን ታሳቢ ያደረገ ነው። በመሆኑም የድምፅ መውጫው «ፒሲኤም» ላይ ሆኖ ሁሉን ነገር ወደ ስቴሪዮ ሲያወርድ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ለዲቪዲ ፊልምና ለሙዚቃ ዲቪዲ በዲጂታል ኬብል «ቢትስትሪም» የሚለውን፣ ማለትም የተጨመቀው ድምፅ ሳይፈታ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚላክበትን መምረጥ ይገባል። አንዳንድ አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ላይ ዲቲኤስ ለብቻው «ጠፍቷል» ተብሎ ስለሚመጣ በዶልቢ የሚሠራው ዲስክ በዲቲኤስ ዝም ይላል።

ኤስኤሲዲ የሚያነቡ ማጫወቻዎች ከሲዲው ንብርብር፣ ከስቴሪዮው ክፍልና ከባለብዙ ቻናሉ ክፍል የትኛውን ማስቀደም እንዳለባቸው የሚነገራቸው በሜኑ ወይም በሪሞት ላይ ባለ አንድ ቁልፍ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ቁልፉ የሚታዘዘው ዲስኩ ቆሞ እያለ ብቻ ስለሆነ ዘፈን እየሄደ ደጋግመው ቢጫኑት ምንም አይለወጥም። ዲቪዲ ኦዲዮ ላይም ማጫወቻው የቪዲዮውን ክፍል ከኦዲዮው እንዲያስቀድም ተደርጎ ከሆነ እንዲሁ በሜኑ ይገለበጣል። የስቴሪዮና የ5.1 ቅጂዎች በተለያዩ ምድቦች ሊቀመጡ ስለሚችሉም ቴሌቪዥኑን አብርቶ ከዲስኩ ሜኑ መምረጥ ያስፈልጋል፤ «ሙዚቃ ለመስማት ቴሌቪዥን ለምን ይበራል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም።

ብሉ ሬይ ላይ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ድምፅን ወይም የሜኑ ድምፅን ከዋናው ጋር የሚቀላቅለው ምርጫ ነው። ይህ በርቶ ሳለ ማጫወቻው ድምፁን ፈትቶ እንደገና ስለሚጨምቀው ጥራት የማይቀንሰው ዶልቢ ትሩኤችዲ መሆን የነበረበት አምፕሊፋየሩ ላይ ተራ ዶልቢ ዲጂታል ሆኖ ይታያል። ያጥፉት።

በስድስቱ አናሎግ ኬብሎች ላይ የአምፕሊፋየሩን ማስተካከያ መተማመን

ስድስቱን ኬብል ካገናኙ በኋላ የመሃሉ ድምፅ ከኋላ ቢመጣ ወይም ዘፋኙ በሰብዉፈሩ ቢያጉረመርም የጃኮቹ ቦታ ተቀያይሯል። ይህን ለማረጋገጥ ብዙ ሰው የአምፕሊፋየሩን የመሞከሪያ ድምፅ ይጠቀማል፤ ያ ድምፅ ግን የሚፈትሸው ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከር ያለውን ሽቦ ብቻ ነው። ስድስቱን ኬብል የሚፈትሸው ከማጫወቻው ሜኑ የሚነሣው የመሞከሪያ ድምፅ ነውና እሱን ይጠቀሙ።

ሌላው ብዙም የማይታሰብ ነገር ብዙ አምፕሊፋየሮች በመልቲ ቻናል መግቢያቸው የሚገባውን ድምፅ ሳይነኩ በቀጥታ የሚያሳልፉ መሆናቸው ነው። ከዚህ በፊት በአምፕሊፋየሩ ላይ የሞሉት የስፒከር ርቀት፣ «ትንሽ» ወይም «ትልቅ» የሚለው ምርጫና በ80 ሄርዝ አካባቢ ቤዙን ወደ ሰብዉፈር የሚመልሰው ሥርዓት እዚህ ላይ አይሠሩም። ማስተካከያው በማጫወቻው ሜኑ መሞላት አለበት። ከዚህም ጋር የሰብዉፈሩ ቻናል በአሠራሩ ሲጫወት 10 ዲሲቤል ከፍ ሊል የሚገባው በመሆኑ ማጫወቻውም አምፕሊፋየሩም ይህን ጭማሪ ካላደረጉ ሙዚቃው ቤዝ የጎደለው ሆኖ ይሰማል፤ የሰብዉፈሩን ደረጃ ለዚህ መግቢያ ለብቻው ከፍ ማድረግ ይፈታዋል።

ከውጭ የመጣን ዕቃ መለያውን ሳያነቡ መሰካት

ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ጀርባው ላይ «120 ቮልት» ብቻ ተጽፎበት ከሆነ የኢትዮጵያን 220 ቮልት አይችልም፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። «100–240» የሚል ከሆነ ስጋት የለም። የዲስክ ቀጠናም (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል በተሸጠ ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስነው ቁጥር) እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካ የፊልምና የሙዚቃ ዲቪዲዎች ቀጠና 1 ሲሆኑ ኢትዮጵያ ያለችው በቀጠና 5 ነው። ኤስኤሲዲና የዲቪዲ ኦዲዮው የድምፅ ክፍል ግን የቀጠና ገደብ የለባቸውም፤ እነሱ አልሠራ ካሉ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

አልነበብ ያለን ዲስክ ሁሉ በመወልወል ለማዳን መሞከር

ዲስክ ሲወለወል ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ እንጂ በክብ አይወለወልም፤ ክቡን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት መረጃውን በተከታታይ ስለሚያጠፋ ማጫወቻው ሊያርመው አይችልም። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ አይመከርም። የሲዲው መረጃ ያለው ከጽሑፉ ሥር ወዲያውኑ ስለሆነ የላይኛው ገጽ ጭረት ከታችኛው ይብሳል።

ነገር ግን ጥፋቱ ከዲስኩ ይሁን ከማጫወቻው ሌዘር በቀላሉ መለየት ይቻላል። የሲዲ ንብርብር የሚነበበው በ780 ናኖ ሜትር ሌዘር ሲሆን፣ ዲቪዲና ኤስኤሲዲ የሚነበቡት በ650 ናኖ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዱ ደክሞ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ድርብ የሆነው ኤስኤሲዲ በሲዲ ንብርብሩ ያለችግር እየተጫወተ በኤስኤሲዲው እየተንቀጠቀጠ ከቆመ፣ ዲቪዲዎችም እንዲሁ ካስቸገሩ የደከመው የዲቪዲው ሌዘር ነው። ሁሉም ዲቪዲ ሠርቶ አንዱ ኤስኤሲዲ ብቻ ካልተነበበ ደግሞ ዲስኩን መጠርጠር ይገባል። ጥገና ቤት ሲሄዱ «አይሠራም» ብቻ ከማለት የትኛው ዲስክ፣ በየትኛው ንብርብር፣ በየትኛው ኬብል እንደሠራና እንዳልሠራ ጽፈው ይውሰዱ፤ አልነበብ ያለውን ዲስክም አብረው ይያዙ፤ ጠጋኙ ያለው ዲስክ ተራ ሲዲ ብቻ ከሆነ ማጫወቻዎ ጤነኛ ነው ብሎ ሊመልስልዎ ይችላልና።