በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚነዱ፦ ፈጣንና ሰፊ የክሮስ ካንትሪ ጎማ አመራረጥ

በአዲስ አበባ ዳርቻ የተራራ ብስክሌት የሚነዳ ሰው በአንድ ጠዋት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ መሬቶችን ያቋርጣል። ከቤቱ እስከ ከተማው ጫፍ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው፤ ቀጥሎ ጠጠር የፈሰሰበት ፒስታ ይመጣል፤ እንጦጦ ላይ ሲደርስ መንገዱ በባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት የተሸፈነ ድንጋያማ የእግር መንገድ ይሆናል፤ ወደ ሱሉልታ ሲወርድ ደግሞ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ በክረምት የሚለጠፍ ጥቁር አፈር ይጠብቀዋል። ለዚህ ሁሉ የሚስማማ ፈጣን ጎማ የትኛው ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ ሰፊ፣ ብዙ ንፋስ የሚይዝ፣ ጥርሱ አጭር፣ ጨርቁ (ከላስቲኩ ሥር ያለው የክር ንጣፍ) ለስላሳ የሆነና በዝቅተኛ ግፊት የሚነዳ ጎማ ነው እላለሁ።

ቀጭን ጎማን አጥብቆ መንፋት ፍጥነት ይሰጣል የሚለው እምነት የመጣው ከአስፋልት ነው። ጎማ መሬት ሲነካ ይጎብጣል፣ ሲላቀቅ ይመለሳል፤ በዚህ መሐል ሙቀት ሆኖ የሚጠፋ ጉልበት አለ። ልሙጥ መንገድ ላይ ግፊቱ ሲጨምር ይህ ብክነት ስለሚቀንስ እምነቱ እዚያ እውነትነት አለው። ድንጋይና ጠጠር ላይ ግን ሌላ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ብክነት ይጨመራል፤ የጠነከረ ጎማ እያንዳንዱን ድንጋይ በወጣ ቁጥር ብስክሌቱንና ነጂውን ሽቅብ ስለሚያነሳ፣ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ላይ ይባክናል፣ ሰውነትም መንቀጥቀጡን እየዋጠ ይደክማል። ሰፊ ጎማ ውስጡ ብዙ ንፋስ ስላለ ቸርኬው ከድንጋዩ ጋር ሳይጋጭ ግፊቱን መቀነስ ይቻላል፤ ትንንሹን ድንጋይም ወደ ራሱ አስገብቶ ያልፈዋል። በተጨማሪም ሁለት ጎማዎች በእኩል ግፊት ሲነፉ የሰፊው የመሬት ንክኪ አጭርና ወርዳም ስለሚሆን የሚጎብጠው ርዝመት ያንሳል። ክሮስ ካንትሪ፣ ማለትም ዳገትና ቁልቁለት ባለው ጥርጊያ መንገድ ላይ የሚደረገው የተራራ ብስክሌት ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ሲጀመር ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት ጎማ ስፋቱ 2 ኢንች አካባቢ የነበረ ሲሆን ዛሬ ከ2.25 እስከ 2.4 ኢንች የደረሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ስስ አየር እየተነፈሱ የእንጦጦን ዳገት ለሚወጡ ሰዎች የሚባክን ጉልበት የለምና ጉዳዩ ለእኛ ከሌላው ይበልጥ ያሳስባል።

ጎማ ከመምረጥ በፊት የራስዎን ብስክሌት ይለኩ። በጎማው ጎን ላይ «57-622» የሚመስል ጽሑፍ ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ሲሆን ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር፣ ማለትም ክቡ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመት ነው። 622 ማለት በተለምዶ 29 ኢንች የሚባለው፣ 584 ደግሞ 27.5፣ 559 ደግሞ 26 ኢንች ነው። ከተማችን ውስጥ ከሚሸጡ ያገለገሉ ብስክሌቶች መካከል 26 ኢንች የሆኑት ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ የሚሠሩ ፈጣን ሰፋፊ ጎማዎች ቁጥራቸው እየቀነሰ ስለመጣ 2.2 ወይም 2.25 ካገኙ አይለፉት።

ቀጥሎ የቸርኬውን የውስጥ ስፋት ይመልከቱ። ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ከሆነ 2.35 ኢንች ጎማ በደንብ ይቀመጥበታል፤ 28 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 2.4ም ይይዛል። የቆየ ብስክሌት ላይ የሚገኘው 19 ወይም 21 ሚሊሜትር ቸርኬ ግን ሰፊውን ጎማ ከታች አጥብቦ ስለሚይዘው ግፊቱ ሲቀንስ ኩርባ ላይ ጎማው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ እንዲህ ባለው ቸርኬ ከ2.25 ባያልፉ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሦስተኛው ልኬት በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ባለ 6 ሚሊሜትር ባለስድስት ማዕዘን መፍቻ ይውሰዱና ከኋላው ጎማ ጎን፣ ጎማው ለፍሬሙ እጅግ በሚቀርብበት ቦታ ያስገቡት፤ ቸርኬውን በእጅዎ ቀስ ብለው አንድ ሙሉ ዙር ሲያሽከረክሩት መፍቻው የትም ሳይያዝ ካለፈ በቂ ነው። በሌላው ጎንና ከላይም፣ ከዚያም በፊት ሹካ ውስጥ ይድገሙት። አዲስ ጎማ ከተነፋ በኋላ ባሉት ቀናት ጨርቁ ተለጥጦ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ስለሚሰፋ ልክ በልክ የገባ ጎማ ቆይቶ ፍሬሙን ይፍቃል። የቸርኬው ሽቦ ትንሽ ቢላላ ወይም ጭቃ ቢገባ ደግሞ ያ ፍቀት የፍሬሙን ቀለምና ብረት ይበላል።

የጥርሱ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሐሳብ ይጠይቃል። መሐል ላይ ያሉት ጥርሶች አጭርና ተቀራራቢ ሲሆኑ ጎማው በፒስታና በአስፋልት ላይ ሳይጎተት ይሄዳል፤ ዳር ያሉት ከፍ ያሉ ጥርሶች ደግሞ ኩርባ ላይ መሬቱን ይነክሳሉ። ስለዚህ የኋላ ጎማዎን መሐሉ ልሙጥ ከሚባሉት ይምረጡ፤ የማክሲስ አስፔንና ሪኮን ሬስ፣ የሽዋልቤ ሬሲንግ ራልፍ፣ የኮንቲኔንታል ሬስ ኪንግ፣ የቪቶሪያ መዝካል ከዚህ ወገን ናቸው። ለፊት ጎማ ግን ደረጃ ከፍ ያለ ጥርስ ያለውን፣ ለምሳሌ የቪቶሪያን ባርዞ ወይም የሽዋልቤን ሬሲንግ ሬይ፣ ይውሰዱ። የኋላው ጎማ ቢንሸራተት በአብዛኛው ሚዛን መመለስ ይቻላል፤ የፊቱ ከሸሸ ግን ጊዜ አይሰጥም። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርፊት በጠንካራ መሬት ላይ ተነጥፎ ሲገኝ የፊት ጎማ ከሥሩ እንደሚከዳ እንጦጦን ቁልቁል የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያው መንገድ ላይ ጀርባቸው ላይ የእንጨት ሸክም የተሸከሙ እናቶችና አህዮች ይወጣሉ፤ ሰፊ ጎማ ድምፁ አነስተኛ በመሆኑ መምጣትዎን ላይሰሙ ይችላሉና ሸክም ለያዘ ሰው ቀድሞ መቆም የነጂው ግዴታ ነው፤ የፊት ጎማ ጥርስም ለዚህ ጭምር ያስፈልጋል።

እኔ ለአካባቢያችን የማደላው ለመዝካል ዓይነቱ ነው፤ ጥርሱ ጥቅጥቅ ስላለ ቶሎ አያልቅም፣ ስለታም ድንጋይም ቶሎ አይቦጭቀውም። በወጨጫ ተራራ ዳገት ላይ ባለው በመናገሻ ሱባ ጫካ ለሚነዱ ግን የጽድ ሥሮች እርጥብ ሲሆኑ ስለሚያንሸራትቱ የፊት ጎማው ጥርስ ብቻ ሳይሆን የላስቲኩም ልስላሴ ይፈለጋል። ጠንካራ ላስቲክ ይፈጥናል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ እርጥብ ሥርና ድንጋይ ላይ ግን አይይዝም።

የጎማውን ጨርቅ ጥራት በከፊል የሚናገረው በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የክር ብዛት ነው። 60 ክር ያለው ወፍራምና ደረቅ ሲሆን 120 ያለው ቀጭንና ተለማጭ ነው፤ ተለማጩ በእርግጥ ይፈጥናል። ሆኖም በየረር አቅጣጫ ግራር፣ በእንጦጦ ጥጋጥግ ቀጋና አጋም ባለበት አገር እጅግ ስስ የሆነውን የውድድር ጎማ መግዛት አያዋጣም። ባለ 120 ክር ሆኖ ጎኑ ተጨማሪ መከላከያ ያለውን፣ ማክሲስ «ኤክሶ» ኮንቲኔንታል «ፕሮቴክሽን» የሚሉትን ዓይነት፣ ይምረጡ። የ29 ኢንች ጎማ ክብደት በዚህ ደረጃ ከ600 እስከ 800 ግራም ይደርሳል፤ መንገድ ላይ ከመቆም ይልቅ መቶ ግራም መሸከም ይሻላል።

የእሾሁ ነገር የውስጥ ጎማን ማስቀረትንም ያስገድዳል። ቸርኬውና ጎማው የሚፈቅዱ ከሆነ የውስጥ ጎማውን አውጥተው፣ ቸርኬውን በማሸጊያ ፕላስተር ሸፍነው፣ በየጎማው ከ90 እስከ 120 ሚሊሊትር የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ይጨምሩ። እሾህ ሲገባ ፈሳሹ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። የበጋው ደረቅ አየር ፈሳሹን ስለሚያደርቀው በየሁለት ወሩ ጎማውን ነቅንቀው የፈሳሹን ድምፅ ያዳምጡ፤ ካልተሰማ ይጨምሩ።

አሁን ወደ ንፋሱ እንምጣ፤ ጥሩ ጎማ በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው 2.35 ጎማ ያለ ውስጥ ጎማ ሲነዳ ከፊት 19፣ ከኋላ 21 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) ጥሩ መነሻ ነው፤ ክብደት በ5 ኪሎ ሲጨምር 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምሩ፤ የውስጥ ጎማ ካለ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ከፍ ያድርጉ፤ ያለዚያ የውስጥ ጎማው በቸርኬና በድንጋይ መሐል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ጎሚስታ ቤት ያለው መለኪያ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ የአንድና የሁለት ፒኤስአይ ልዩነት አይለይም፤ የኮምፕረሰሩ አፍም በቀጭኑ የፕሬስታ ቫልቭ ላይ ያለ ማገናኛ አይገባም። ስለዚህ ማገናኛዋን ኪስዎ ውስጥ ይያዙ፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ትንሽ ዲጂታል መለኪያም ይግዙ። የቀኑን ሙቀትም ያስቡ፤ በ8 ዲግሪ ብርድ ጠዋት 20 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ቀትር ላይ 24 ዲግሪ ሲደርስ 2 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል።

የራስዎን ቁጥር ለማግኘት ንፋስ በሌለበት ጠዋት ጠጠራማ ፒስታ ላይ መጠነኛ ቁልቁለት ይፈልጉ። ከአንድ ድንጋይ አጠገብ ቆመው ይነሱ፣ ፔዳል ሳይመቱ፣ ሳይጎነበሱና ፍሬን ሳይነኩ ብስክሌቱ እስኪቆም ይሂዱ፤ የቆመበትንም ምልክት ያድርጉ። ከሁለቱም ጎማ 1 ፒኤስአይ እየቀነሱ ይድገሙት። ርቀቱ እየጨመረ ሄዶ መጨመሩን የሚያቆምበት ግፊት የእርስዎ ነው፤ ሆኖም በዚያ ግፊት ድንጋይ ላይ ቸርኬው ሲነካ ከተሰማዎት አንድ መልሰው ይጨምሩ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ሰፊ ጎማ ዋልካ አፈር ላይ አይሆንም። በሱሉልታና በሰንዳፋ ሜዳ ጭቃው ጎማው ላይ ተጠቅልሎ በፍሬሙ መሐል ይጋገርና ቸርኬው መዞሩን ያቆማል። በዚያ ወቅት ጥርሱ የተራራቀ 2.1 ወይም 2.2 ጎማ ያስገቡ፤ ወይም ሰፊውን እንደያዙ በጠጠር መንገድና ድንጋያማ በሆነው በእንጦጦ ይወሰኑ።

የኋላ ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል። የመሐሉ ጥርስ ጠርዝ ሲከብ ይቀይሩት፤ አዲሱን ከፊት አስገብተው የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወር ግን የሚሠራው ሁለቱም አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ጎማ ከውጭ በዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ ጠርዙ ውስጥ የብረት ሽቦ የሌለበት፣ የሚታጠፈውን ዓይነት ያዝዙ፤ ሻንጣ ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ለሚያመጣልዎት ሰው ስሙን ብቻ ከመንገር ይልቅ ስፋቱን፣ የቸርኬውን ቁጥር፣ የክሩን ብዛትና ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራ መሆኑን ጭምር ጽፈው ይላኩለት፤ በአንድ ስም የሚጠራ ጎማ ዋጋቸውና ጥራታቸው በጣም በተለያየ ብዙ ዓይነት ይሸጣልና።